ገመዱ ሲበጠስ መለኪያው ምን ይላል? በገመድ የሚሠሩ የአቀማመጥ ዳሳሾች በኢንዱስትሪና በምህንድስና

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



በዚህ መድረክ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚቀርቡት ስለ ትልልቅ ነገሮች የሚያወሱ ርእሶች ናቸው፤ ስለ ግድብ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። እኔ ዛሬ የማወራው በአንድ እጅ ሊያዝ ስለሚችል ዕቃ ነው። ከትንሽ ሣጥን ውስጥ ቀጭን የብረት ገመድ ይወጣል። ገመዱ ምን ያህል እንደ ተሳበ ሣጥኑ ይለካል፤ የለካውንም በኤሌክትሪክ ምልክት ለማሽኑ ያስታውቃል። ሙሉ ስሙ በገመድ የሚሠራ የአቀማመጥ ዳሳሽ ነው፤ ለአጭሩ የገመድ ዳሳሽ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ይህን ዕቃ የመረጥሁት በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ጥያቄው በክፍል ውስጥ ሲነሣ ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ቦታ ግን የሰው ሕይወት የሚወስንበት ጊዜ አለ። «ገመዱ ሲበጠስ መለኪያው ምን ይላል?» የሚል ነው። ወደዚህ ጥያቄ ከመድረሳችን በፊት ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ፣ የት እንደሚውልና በምን እንደሚሳሳት በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በገመድ መለካት

በገመድ መለካት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቃላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ስም ነበር፤ በእርሱ የተለካውም መሬት የቃላድ መሬት ተብሏል። ግንበኛ ዛሬም ግድግዳው ቀጥ ማለቱን በቱንቢ ያያል፤ ረድፉንም በተወጠረ ሲባጎ ያስይዛል። የወንዝን ከፍታ ከሚመዘግቡ የቆዩ መሣሪያዎች አንዱም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ዕቃ፣ በመዘውር ላይ የሚያልፍ ገመድና በሌላው ጫፍ የተንጠለጠለ ክብደት ነው።

በእነዚህ ሁሉ ገመዱ እውነተኛውን ርቀት የሚናገረው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ መያዝ ባለባቸው ቦታ መያዝ አለባቸው፤ ውጥረቱ እኩል መሆን አለበት፤ ርዝመቱም በራሱ ጊዜ መለወጥ የለበትም። ቃላድ ዘርግቶ መሬት የለካው ሰውና በዘመናዊ ፋብሪካ ዳሳሽ የሚተክለው መሐንዲስ የሚጠየቁት በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ነው።

የሣጥኑ ውስጥ

አናጢ በኪሱ የሚይዘውን የሚጠቀለል ሜትር አስቡ። ስትስቡት ይወጣል፤ ስትለቁት በውስጡ ያለው ሞላ መልሶ ይጠቀልለዋል። የገመድ ዳሳሽ በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ልዩነቱ ቁጥሩን የሚያነበው ዓይን ሳይሆን የኤሌክትሪክ መሣሪያ መሆኑ ነው።

ሣጥኑን ብንከፍት አራት ክፍሎች እናገኛለን። የመጀመሪያው ገመዱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከማይዝግ ብረት በቀጫጭን ዘሃዎች የተገመደ ሲሆን ውፍረቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለተኛው ገመዱ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ነው። ሦስተኛው ገመዱን ሁልጊዜ ወጥሮ የሚይዘው ሞላ ነው። አራተኛው የማጠንጠኛውን መዞር ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ክፍል ነው። ይህ አራተኛው ክፍል አንዳንዴ ፖቴንሺዮሜትር፣ አንዳንዴ ኢንኮደር ይሆናል። ፖቴንሺዮሜትር ከመዞሩ ጋር የሚመጣጠን ቮልቴጅ ይሰጣል። ኢንኮደር ደግሞ ዙሩን በምት ከፋፍሎ ይቆጥራል።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። ገመዱ የሚጠቀለልበት ክብ ዙሪያው 200 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ኢንኮደሩም በአንድ ዙር 2000 ምት ይስጥ። እያንዳንዱ ምት 0.1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 10 ሜትር የሚረዝም ጉዞ በ50 ዙር ይለካል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች እንዲያስተውሉት የምፈልገው ነጥብ አለ። ዙሪያውን የምናሰላው በማጠንጠኛው ዲያሜትር ብቻ አይደለም፤ የገመዱ ውፍረትም ይጨመርበታል። የማጠንጠኛው ዲያሜትር 63.16፣ የገመዱ ውፍረት 0.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን የምንጠቀምበት ዲያሜትር 63.66 ነው፤ ዙሪያውም 200 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የገመዱን ውፍረት ብንረሳ በአንድ ዙር 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል እንሳሳታለን፤ በ50 ዙር ስህተቱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚሁ ምክንያት ገመዱ በራሱ ላይ ተደርቦ እንዳይጠቀለል ያስፈልጋል። ረጅም ርቀት በሚለኩ ዳሳሾች ውስጥ ማጠንጠኛው እየዞረ በጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተተው፣ ገመዱ ጎን ለጎን በአንድ ረድፍ ብቻ እንዲያርፍ ነው።

ለምን ይመረጣል? የትስ ይውላል?

ርቀትን የሚለኩ ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ። ሌዘር ሳይነካ ይለካል፤ ነገር ግን አቧራ፣ ጭጋግና ጭስ ያስቸግሩታል። በሃይድሮሊክ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባ የመለኪያ ዘንግ በጣም አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን የሲሊንደሩ ፒስተን ዘንግ ከውስጥ መቦርቦር አለበት፤ በሥራ ላይ ላለ ማሽን ይህ ከባድ ነው። የገመድ ዳሳሽ ግን ሣጥኑን በአንድ በኩል፣ የገመዱን ጫፍ በሌላው በኩል ማሰር ብቻ ይበቃዋል። በትንሽ ሣጥን በርካታ ሜትሮች ይለካል፤ እንቅስቃሴው ፍጹም ቀጥተኛ ባይሆን እንኳ ይታገሣል፤ ዋጋውም ከብዙዎቹ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ከመጋዘን እስከ አውሮፕላን ድረስ እናገኘዋለን። በፎርክሊፍት ላይ ሹካው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይለካል፤ ማሽኑም ዕቃውን ከፍ አድርጎ በተሸከመ መጠን ፍጥነቱ እንዲቀንስ ይደረጋል። ሰው በሚያወጣ ተንቀሳቃሽ መድረክ ላይ የክንዱን ርዝመት ይከታተላል። በግድብ ላይ የውኃ በሮች ምን ያህል እንደ ተከፈቱ ያመለክታል። በቤተ ሙከራ ምሰሶና ወለል በክብደት ሲጎብጡ የጉብጠቱን መጠን ይመዘግባል። አዲስ አውሮፕላን ሲፈተሽ በክንፉና በጭራው ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች አብራሪው ያዘዛቸውን ያህል መንቀሳቀሳቸው በዚሁ ዳሳሽ ይረጋገጣል።

ከሁሉ ይልቅ ዛሬ ልቆይበት የምፈልገው ግን ክሬን ነው፤ በከተሞቻችን ሰማይ ላይ በየቀኑ የምናየው እርሱ ነውና። ወደ እርሱ የምመለሰው ስለ ስህተት ጥቂት ከተናገርሁ በኋላ ነው።

ሳይበጠስም ይሳሳታል

ገመዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚመጡ ስህተቶች አሉ፤ ሁሉም በስሌት የሚገኙ ናቸው።

አንደኛው የማዕዘን ስህተት ነው። ዳሳሹ ዕቃው ከሚሄድበት መስመር 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ወጥቶ ተተክሏል እንበል። ዕቃው ከ1 ሜትር ርቀት ወደ 2 ሜትር ሲሄድ ገመዱ የሚረዝመው 1 ሜትር ሙሉ አይደለም፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ይጎድላል። ለፎርክሊፍት ይህ ምንም አይደለም፤ ለቤተ ሙከራ ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። 10 ሜትር የተሳበ የማይዝግ ብረት ገመድ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጠዋት በብርድ የተስተካከለ መለኪያ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ቁጥር ቢሰጥ ዳሳሹ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው መርገብ ነው። አግድም የተዘረጋ ገመድ በራሱ ክብደት መሐሉ ይረግባል። በ10 ሜትር ላይ በደንብ ለተወጠረ ቀጭን ገመድ ስህተቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ገመድ ግን በ30 ሜትር ላይ በ10 ኒውተን ውጥረት ብቻ ቢያዝ መሐሉ ወደ ግማሽ ሜትር ሊረግብ፣ የርዝመቱም ስህተት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ገመድ ርቀቱ በሦስት እጥፍ ስለጨመረ ስህተቱ በሦስት እጥፍ ብቻ አይጨምርም።

አራተኛው የአያያዝ ጉድለት ነው። ዳሳሹን የሚተክል ሠራተኛ ገመዱን ስቦ በድንገት ከለቀቀው ሞላው በኃይል ይመልሰዋል፤ ገመዱ ይጠማዘዛል፣ ከረድፉ ይወጣል፣ አንዳንዴም ከማጠንጠኛው ይላቀቃል። ስለዚህ ለቴክኒሻኖች ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው «ገመዱን ከእጃችሁ አትልቀቁ» የሚለውን ነው።

እነዚህ አራቱ ስህተቶች ቁጥሩን ያዛባሉ፤ ቁጥሩ ግን ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። አሁን የምናየው ከእነዚህ የተለየ ነው።

ሲበጠስ

ገመድ ሲበጠስ ሞላው ሥራውን አያቆምም። የቀረውን ገመድ ጠቅልሎ ወደ ሣጥኑ ያስገባል። ዳሳሹም ገመዱ ሙሉ በሙሉ መግባቱን አይቶ «ርቀቱ ዜሮ ነው» ይላል። ይህ የዳሳሹ ብልሽት አይደለም፤ ገመዱ ገብቷልና ዳሳሹ ያለውን ተናገረ። ማሽኑ ግን ይህን ቁጥር ስለ ገመዱ የተነገረ አድርጎ አይወስደውም፤ ስለ ክንዱ የተነገረ አድርጎ ይወስደዋል።

በተንቀሳቃሽ ክሬን ላይ የሚሆነውን እንመልከት። ክሬን እንዳይገለበጥ የሚጠብቀው መሣሪያ የሚያሰላው ሁለት ነገሮችን አባዝቶ ነው፤ የጭነቱን ክብደትና ጭነቱ ከክሬኑ መሐል ያለበትን አግድም ርቀት። ርቀቱን የሚያገኘው ከክንዱ ርዝመትና ከክንዱ ማዕዘን ነው። ርዝመቱን የሚነግረው በክንዱ ጎን የተዘረጋው የዳሳሹ ገመድ ነው።

ክንዱ 30 ሜትር ወጥቶ በ60 ዲግሪ ቆሟል እንበል። አግድም ርቀቱ 15 ሜትር ነው። ጭነቱ 5 ቶን ከሆነ የመገልበጥ ኃይሉ 75 ቶን ሜትር ይሆናል። አሁን ገመዱ ይበጠስ። ክንዱ ሙሉ በሙሉ ሲሰበሰብ 12 ሜትር ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ አሁን ክንዱን 12 ሜትር አድርጎ ያስባል፤ አግድም ርቀቱን 6 ሜትር፣ የመገልበጥ ኃይሉንም 30 ቶን ሜትር ብሎ ያሰላል። ማሽኑ ከባድ ሥራ ላይ ሳለ ቀላል ሥራ ላይ ያለ ይመስለዋል። ተጨማሪ ጭነት ቢመጣ ሊከለክል ሲገባው ይፈቅዳል። ገመዱ የተበጠሰው ወደ አደጋው አቅጣጫ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «የኤሌክትሪክ ምልክቱ ይህን አይይዘውም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ብዙዎቹ የኢንዱስትሪ ዳሳሾች መልእክታቸውን የሚያስተላልፉት ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር በሆነ ፍሰት ነው። ዜሮው ርቀት በ4 ሚሊ አምፔር የተወከለው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሲቆረጥ ፍሰቱ ወደ 0 ወርዶ ጉዳቱ እንዲታወቅ ነው። ብልህ ዘዴ ነው። ነገር ግን የተበጠሰው የኤሌክትሪክ ሽቦው ካልሆነና የመለኪያው ገመድ ከሆነ ፍሰቱ ወደ 0 አይወርድም፤ 4 ላይ ይቆማል። 4 ደግሞ ፍጹም ጤነኛ ቁጥር ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሁለት ዳሳሽ ይደረግ» ይላሉ። ብዙ አምራቾች በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ፖቴንሺዮሜትሮች አድርገው ይሸጣሉ። ይህ ከፖቴንሺዮሜትሮቹ አንዱ ቢበላሽ ይጠቅማል። ሁለቱም የሚዞሩት ግን በአንድ ማጠንጠኛና በአንድ ገመድ ነው። ገመዱ ሲበጠስ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ያንኑ ሐሰት ይመሰክራሉ። ከአንድ ሰው ወሬውን የሰሙ ሁለት ምስክሮች እንደ ሁለት ምስክር አይቆጠሩም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ውድ ነገር አያስፈልግም፤ አስቀድሞ ማሰብ ግን ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መፍትሔ የገመዱን መጀመሪያ ሳይጠቀሙበት መተው ነው። 10 ሜትር የሚለካ ዳሳሽ ስትተክሉ፣ ማሽኑ በጣም በተሰበሰበበት ሁኔታ እንኳ ገመዱ 50 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ እንዲቀር አድርጉ። ያን ጊዜ በጤናማ ሥራ ላይ ፍሰቱ ከ4.8 ሚሊ አምፔር በታች ሊወርድ አይችልም። ከዚያ ወረደ ማለት ገመዱ ተበጥሷል ወይም ከማሰሪያው ተላቋል ማለት ነው። ይህ አንድ መስመር ፕሮግራም ነው።

ሁለተኛው ፍጥነትን መመልከት ነው። የክሬን ክንድ በአንድ ሰከንድ ብዙ ሜትር ሊሰበሰብ አይችልም። መለኪያው እንዲህ ካለ ማሽኑ ራሱን ማቆም አለበት።

ሦስተኛው ኢንዱስትሪው ራሱ በክሬኖች ላይ የደረሰበት ነው። በብዙ ክሬኖች ላይ የርዝመቱ ገመድ ኤሌክትሪክም ይሸከማል፤ በክንዱ ጫፍ ያለውን፣ መንጠቆው ከክንዱ ጋር እንዳይጋጭ የሚጠብቀውን ማብሪያ ማጥፊያ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኛል። ገመዱ ሲበጠስ የኤሌክትሪኩ መስመርም ይቋረጣል፤ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ገመዱ የራሱን መበጠስ ራሱ ይናገራል።

ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ

ይሁንና መሐንዲሱ ያሰበውን ሁሉ ሰው ሊያፈርሰው ይችላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው የግንባታ ቦታ አንድ ተንቀሳቃሽ ክሬን አየሁ። የርዝመቱ ገመድ ተበጥሶ ነበር። ጫፉ ተስቦ በክንዱ ሥር ባለ ብሎን ላይ ታስሯል፤ የማስጠንቀቂያው መስመርም በአጭር ሽቦ ተገናኝቷል። ለምን እንደ ሆነ ኦፕሬተሩን ጠየቅሁት። «ዶክተር፣ እየጮኸ አላሠራ አለን። ገመዱ ከውጭ እስኪመጣ ደግሞ ሥራው አይቆምም» አለኝ።

ይህን ሰው ለመውቀስ አልቸኩልም። የተሰጠው ምርጫ ሥራውን ማቆም ወይም ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ነበር፤ ሥራውን የማቆም ሥልጣን ደግሞ ማንም አልሰጠውም። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሬ የሚመጣ ነው፤ ወራት ይወስዳል። የደኅንነት መሣሪያ በተሰበረ ጊዜ ማሽኑ ምን ያህል ጭነት፣ በምን ያህል የክንድ ርዝመት ብቻ እንዲሠራ እንደሚፈቀድለት በጽሑፍ የወሰነ አልነበረም። ይህ በማይወሰንበት ቦታ ውሳኔው ለብሎንና ለአጭር ሽቦ ይተዋል።

የተላቀቀ ማሰሪያ፣ የተናደ ግድብ

ቀደም ብዬ ሁለቱ ጫፎች መያዝ ባለባቸው ቦታ መያዝ አለባቸው ብያለሁ። ለዚህ የምጠቅሰው አደጋ በገመድ ዳሳሽ ላይ የደረሰ አይደለም፤ በውኃ ግፊት ዳሳሽ ላይ የደረሰ ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው።

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ታውም ሶክ የሚባል የኃይል ማመንጫ አለ። ውኃ በሌሊት በፓምፕ ወደ ተራራ ላይ ማጠራቀሚያ ይወጣል፤ ቀን ኃይል ሲፈለግ ወደ ታች ይለቀቃል። የላይኛው ማጠራቀሚያ ምን ያህል እንደ ሞላ የሚነግሩት ዳሳሾች በግድቡ የውስጥ ገጽ ላይ በተዘረጉ ቱቦዎች ውስጥ ነበሩ። የቱቦዎቹ ማሰሪያ ላልቶ ቱቦዎቹ ከቦታቸው ተነቃነቁ፤ ዳሳሾቹም ውኃው ከእውነተኛው ከፍታው ዝቅ ያለ አድርገው አሳዩ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2005 ንጋት ላይ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ሳለ ፓምፖቹ መሙላታቸውን ቀጠሉ። ውኃው በግድቡ ላይ ፈሰሰ፤ ግድቡ ተናደ፤ ወደ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ በግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወደ ታች ወረደ። ከሥር ባለው ፓርክ ይኖር የነበረ አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ከነቤቱ በጎርፍ ተወሰደ፤ ሁሉም በሕይወት መትረፋቸው እንደ ተአምር የሚቆጠር ነው።

ዳሳሾቹ በኤሌክትሪክ በኩል ጤነኞች ነበሩ። ችግሩ የታሰሩበት ነበር።

ይህን በግድብ በር ላይ በተተከለ የገመድ ዳሳሽ እንተርጉመው። ሣጥኑ ከበሩ በላይ በማይንቀሳቀስ ወለል ላይ፣ የገመዱ ጫፍ ደግሞ በበሩ ላይ ታስሯል እንበል። በሩ ሲዘጋ ገመዱ ይረዝማል፤ ሲነሣ ያጥራል። ገመዱ ሲበጠስ ዳሳሹ «በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል» ይላል። በሩ ግን ዝግ ሊሆን ይችላል፤ ኦፕሬተሩ ውኃው እየወጣ ነው ሲል ሐይቁ እየሞላ ይሄዳል። አተካከሉን ብንገለብጠው ደግሞ የተበጠሰ ገመድ ክፍት በር እንደ ተዘጋ ያስመስላል፤ ከግድቡ በታች ያለው ሕዝብ ሳያውቅ ውኃ ይወርድበታል። የትኛው ሐሰት ይብሳል? መልሱ ከግድብ ግድብ ይለያያል። ጥያቄው ግን ሣጥኑ ከመታሰሩ በፊት መጠየቅ አለበት። ታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መርቀናል። የግንባታው ዘመን የሲቪል መሐንዲሶች ነበር፤ የሚመጡት ብዙ ዓሥርት ዓመታት ግን መለኪያዎችን በየቀኑ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው።

መበጠሱ ራሱ መልእክት ሲሆን

እስካሁን የተበጠሰ ገመድ እንዴት እንደሚያታልል ተናገርሁ። የተበጠሰ ገመድ እውነቱን የሚናገርበት ሥራም አለ፤ የመሬት መንሸራተትን መከታተል።

በተዳፋት ላይ ስንጥቅ ሲታይ ከስንጥቁ በላይ ባለው ጽኑ መሬት ላይ መለኪያው ይተከላል፤ ገመዱ ስንጥቁን ተሻግሮ በሚንቀሳቀሰው መሬት ላይ በተቸነከረ ካስማ ላይ ይታሰራል። ስንጥቁ ሲሰፋ ገመዱ ይሳባል። እዚህ የሚለካው የቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሙቀት ጠላት ነው። 20 ሜትር የማይዝግ ብረት ገመድ በ20 ዲግሪ ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ይለወጣል። ስለዚህ ኢንቫር ከሚባል የብረትና የኒኬል ቅይጥ የተሠራ ሽቦ ይመረጣል፤ ይህ ሽቦ በተመሳሳይ ሁኔታ የሚለወጠው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ኢንቫርን ያገኘው ሻርል ኤድዋር ጊዮም እ.ኤ.አ. በ1920 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የጃፓን ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመንሸራተቱ ፍጥነት እየጨመረ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ ናዳው የሚወርድበትን ጊዜ አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል።

በዚህ ሥራ ገመዱ በድንገት ቢበጠስ የደወሉ ትርጉም «ሽሹ» ነው። ሐሰት ቢሆን እንኳ ሰው በከንቱ ይሮጣል እንጂ አይሞትም። መበጠሱ ወደ ደኅንነት አቅጣጫ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሳለ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ነበሩ። አንድ ገመድ እነዚህን ሁሉ ያድን ነበር ብዬ አልናገርም፤ በከባድ ዝናብ የረሰረሰ ቀጥ ያለ ተዳፋት ጊዜ አይሰጥም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ፣ አካፋ ይዘው ለሚገቡ ሰዎች ከበላያቸው ያለውን መሬት የሚጠብቅ መለኪያና ደወል ሊኖር እንደሚገባ አምናለሁ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ የተጓዘ ሁሉ መሬቱ እንደሚንቀሳቀስ በአስፋልቱ ላይ ያያል። ለዚህ የሚያስፈልገው ካስማ፣ ሽቦ፣ ሣጥንና ተከታታይ ሰው ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ንግግሬን የምጨርሰው በአራት ተግባራዊ ሐሳቦች ነው።

ለገዢዎች፦ ማሽን ስትገዙ በጨረታ ሰነዱ ላይ «የመለኪያው ገመድ ቢበጠስ ማሽኑ ምን ያሳያል? ምንስ ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ይግባ። ከማሽኑ ጋር መለዋወጫ ገመድና ማጠንጠኛ አብሮ ይገዛ። ዋጋው ከክሬኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ለሥራ ቦታ ኃላፊዎች፦ በየጠዋቱ ክንዱን አውጥታችሁ በሚታወቅ ምልክት ላይ አቁሙና ኮምፒውተሩ የሚያሳየውን ቁጥር በሜትር ከተለካው ጋር አመሳክሩ። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ቁጥሮቹ ካልተስማሙ ክሬኑን ማቆም የኦፕሬተሩ መብት ይሁን፤ ስላቆመ አይቀጣ።

ለጠጋኞቻችን፦ በአገራችን የሚበላሽ ሁሉ የሚጠገነው በእናንተ ነው፤ ሙያችሁንም አከብራለሁ። ነገር ግን የ0.5 ሚሊ ሜትር ገመድ አጥታችሁ የ0.8 ብትተኩ ማሽኑ ይሠራል፤ ቁጥሩ ግን በእያንዳንዱ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሳሳታል፤ በ10 ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ገመድ በተቀየረ ቁጥር ልኬቱ እንደ ገና መመሳከር አለበት። ይህን የሚያስተምር አጭር ሥልጠና መስጠት የእኛ የዩኒቨርሲቲዎች ግዴታ ነው።

ለተማሪዎቼ፦ ስለ ማንኛውም መለኪያ ስትማሩ ትክክለኛነቱ ስንት በመቶ እንደ ሆነ ትጠይቃላችሁ፤ መልካም ነው። ከዚያ ቀጥላችሁ ግን ሲበላሽ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሳሳት ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በአምራቹ መግለጫ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። የሁለተኛው መልስ ግን ዳሳሹ ከተተከለበት ቦታና ከታሰረበት ጫፍ ጋር ስለሚለዋወጥ በመግለጫው ላይ አታገኙትም። ያንን መጻፍ ያለበት ዳሳሹን የሚተክለው መሐንዲስ ነው፤ ማለትም እናንተ ናችሁ።

ጥያቄ ያላችሁ ወደ ማይክሮፎኑ ቅረቡ፤ ናሙና ዳሳሹም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ ስባችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስትመልሱት ግን ገመዱን ከእጃችሁ አትልቀቁ።